ማህፀኔን ላከራይ ወይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ እህቴ

መጀመሪያ ጥያቄሽን ለሚያነበው ሰው ባጭሩ ልድገመው። 28 ዓመትሽ ነው፣ የ6 ዓመት ልጅ አለችሽ፣ ባለቤትሽ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሶስት ዓመት አልፎታል፣ እዚህ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ስትሰሪ ቆይተሽ ተቀንሰሻል። አንድ ሰውዬ "ናይሮቢ ሄደሽ ልጅ ላጡ ባልና ሚስት ዘጠኝ ወር ትሸከሚላቸዋለሽ፣ ዘሩ የነሱ ነው፣ አንቺ ማህፀንሽን ብቻ ነው የምታከራዪው፣ ስትወልጂ 10 ሺ ዶላር ታገኛለሽ፣ ሁሉም ሕጋዊ ነው" ብሎሽ 15 ሺ ብር ቀብድ ሰጥቶሽ ፓስፖርትሽን ወስዷል። ከውሉ ሁለት ገጽ ፎቶ አንስተሽ ልከሻል። ጥያቄሽ ደግሞ ሶስት ነው፣ ሕጋዊ ነው ወይ፣ ብሄድ ምን ከለላ ይኖረኛል፣ ልጁስ የኔ ይባላል ወይ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ ነኝ። ሰው ይሰድበኛል ብለሽ ስምሽን ደብቀሻል፣ ከኔ ስድብ አትጠብቂ፣ አጎዋ (ዕቃን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባት ዕድል) ከተከለከልን ወዲህ ከፓርኩ ወጥታ ምን ልስራ እያለች ቢሮዬ የመጣች ሴት ብዙ ነች፣ ችግር ምን እንደሚያስመኝ አውቃለሁ።

ከውሉ ልጀምር፣ ሕጉን ትተሽ እሱን ብቻ ብታነቢው ራሱ መልሱን ይነግርሻልና። በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፣ ማንም አልተረጎመልሽም፣ እኔ ልተርጉምልሽ። ተራ ቁጥር 7 ላይ ያለው "እርግዝናው ከ24 ሳምንት በፊት በማንኛውም ምክንያት ቢቋረጥ ተሸካሚዋ ከወር ቀለብ ውጪ ክፍያ አይኖራትም" ነው። ማንኛውም ምክንያት ማለት ጽንሱ በራሱ ጊዜ ቢወርድም፣ ሐኪም ለሕይወትሽ ብሎ ቢያቋርጠውም ማለት ነው። አምስት ወር ተሸክመሽ፣ ደምሽ ፈስሶ፣ ባዶ እጅሽን በሞያሌ መኪና ትመለሻለሽ። 9 ላይ "ስለ ኦፕራሲዮንም ሆነ ጽንስ ስለመቀነስ ውሳኔው የወላጆቹና የሐኪሙ ነው" ይላል። ጽንስ መቀነስ ያሉት መንታ ወይ ሶስት ሆኖ ከተገኘ የአንዱን ልብ እዛው ሆድሽ ውስጥ እንዲቆም ማድረግ ነው፣ እና ይሄን ባንቺ ሆድ ላይ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። 11 ደግሞ ሐሳብሽን ብትቀይሪ የወጣውን ወጪ ሶስት እጥፍ ትከፍያለሽ ይላል። ከየት አምጥተሽ?

ከተጻፈው ይልቅ ያልተጻፈው ነው ያስደነገጠኝ። ኢንሹራንስ የሚል ቃል የለም። ብትሞቺ ልጅሽ ምን ታገኛለች የሚል የለም። ከወለድሽ በኋላ ደም ቢፈስሽ፣ ቁስሉ ቢያመረቅዝ፣ ማህፀንሽ ቢወጣ ማን ያሳክምሻል የሚል የለም። ወላጆች የተባሉት ሰዎች ስም ራሱ እኮ በፎቶው ላይ የለም፣ ያለው የኤጀንሲው ማህተም ብቻ ነው።

እና እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢ። ደሞዝ ቢሆን በየወሩ ይከፈልሽ ነበር፣ ካሳ ቢሆን ጉዳት ሲደርስብሽ ይከፈልሽ ነበር፣ ይሄ ብር ግን ልጁን ስታስረክቢ ብቻ የሚከፈል ነው። ሲያስረክቡ ብቻ የሚከፈል ብር የዕቃ ዋጋ ነው። ለዚህ ነው እኔ አንድን የማህፀን ኪራይ ውል ሳይ ስንት ብር ነው ብዬ ሳልጠይቅ ብሩ መቼ ነው የሚከፈለው ብዬ የምጠይቀው፣ ከዛ ላይ አደጋውን ማን እንደተሸከመ ይታያል።

አደጋው ደግሞ የወሬ አይደለም። ሰውዬው "እንደ ማንኛውም እርግዝና ነው" ብሎሻል፣ አይደለም። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ተሰርቶ እ.ኤ.አ በ2024 የወጣ ትልቅ ጥናት አለ፣ ለሌላ ሰው የተሸከሙ ሴቶች ላይ ከባድ የእናት ሕመም (ከባድ ደም መፍሰስ፣ ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት የመሳሰለው) 7.8 በመቶ ደርሶ ነው የተገኘው፣ በራሳቸው ያረገዙት ላይ 2.3 በመቶ፣ በአይ ቪ ኤፍ (እንቁላሉና ዘሩ ላቦራቶሪ ውስጥ ተዳቅሎ ሽሉ ማህፀን ውስጥ ሲቀመጥ) ለራሳቸው ያረገዙት ላይ 4.3 በመቶ። ይሄ ካናዳ ነው እንግዲህ፣ አምቡላንስ በደቂቃ በሚደርስበት አገር። አንዱ ምክንያት ተብሎ የሚገመተው የራስሽን ልጅ ስታረግዢ ግማሹ ያንቺ ዘር ነው፣ እዚህ ግን ሽሉ ሙሉ በሙሉ ለሰውነትሽ ባዳ ነው፣ በሌላ ሴት እንቁላል የሚረገዝ እርግዝና ላይ የደም ግፊቱ ነገር እንደሚበዛ ከድሮም የሚታወቅ ነው። ነፍሰጡር ከመሆንሽ በፊትም ስራው ይጀምራል፣ ማህፀንሽን ለማዘጋጀት ኪኒን፣ ከዛ ቂጥ ላይ የሚወጋ ዘይት ያለው መርፌ፣ ሽሉ ከተቀመጠ በኋላም ለሳምንታት ይቀጥላል። ሽሉ ላይይዝም ይችላል፣ ሁለት ሶስት ጊዜ ሊሞከር ይችላል፣ ባንቺ ውል ላይ ለዚህ ሁሉ ቀለብ ብቻ ነው።

አንዲት ሴት ልንገርሽ። ከየት አገር እንደመጣች አልናገርም፣ ለሷ ስል። ከወለደች አስራ ሁለተኛ ቀኗ ነበር ቢሮዬ ስትመጣ፣ ከወንበሩ ስትነሳ በእጇ ሆዷን ደግፋ ነው፣ በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ቀሪው ክፍያ አልተላከላትም፣ የሰጧት ስልክ አይሰራም። ወረቀቶቿን እያየሁ ዝም ብላ ተቀምጣ ሳለ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ስትጎትት አየሁና ቀና ስል ወተቷ ሸሚዟን አርሶታል። ልጁን ባይኗ ያየችው አንዴ ነው፣ ወተት እንደሚመጣ ግን ማንም አልነገራትም፣ "ልጁ ከሄደ ይቆማል መስሎኝ ነበር" አለችኝ። አራስ ናት እኮ። ቤቷ ሄዳ ገንፎ የሚያገነፋላት የለም፣ ምክንያቱም እንደወለደች ማንም አያውቅም። ስለ ተሸካሚ እናቶች ጥበቃ ሲወራ ስሰማ ሁሌ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።

ወደ ሕጉ ልምጣ። "ልጁ የኔ ይባላል ወይ" ላልሽው፣ በኢትዮጵያ ሕግ አዎ ይባላል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 124 ሴትየዋ የልጁ እናት የምትባለው በመውለዷ ብቻ ነው ይላል። ዘሩ የማን ነው፣ እንቁላሉ ከማን መጣ አይልም፣ ሕጉ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር በሐሳብም አልነበረም። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፣ እዚህ ነጥብ ላይ ግን ከፌዴራሉ ብዙም አይርቁም። እና አንድ ያላሰብሽው ነገር አለ፣ ባለቤትሽ። ደቡብ አፍሪካ ይሁን፣ ሶስት ዓመት ድምጹ ይጥፋ፣ ጋብቻችሁ በሕግ እስካልፈረሰ ድረስ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ተብሎ ይገመታል። ያ ሰው ነገ መጥቶ ሚስቴ እኔ ሳልኖር ወልዳለች ብሎ ክስ ቢያነሳ ያንቺ መልስ "የሌላ ሰው ልጅ ነው በገንዘብ ተሸክሜ" ሊሆን ነው። ችሎት ላይ ቆመሽ ይሄን ስትይ ይታይሽ።

ውሉስ? ፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1716 ጉዳዩ ከሕግ ወይ ከሞራል ውጪ የሆነ ውል አይጸናም ይላል፣ ልጅ አስረክቦ ብር መቀበልን አጽንቶ የሚፈርድልሽ ዳኛ እኔ አይታየኝም። አንቀጽ 20 ደግሞ ማንም ሰው የሕክምና ምርመራም ሆነ ኦፕራሲዮን በማንኛውም ጊዜ አልፈልግም ማለት ይችላል ይላል፣ ስለዚህ ያ ተራ ቁጥር 9 እዚህ አገር ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ነው። ግን አትደሰቺ፣ ይሄ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፣ ውሉ አንቺን ካላሰረሽ እነሱንም አያስራቸውም፣ 10 ሺ ዶላሩን ከልክለው ቢያባርሩሽ እዚህ ከሰሽ አታገኚውም።

ሕጋችን ስለ እናት እንዴት እንደሚያስብ የሚያሳይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ጉዲፈቻ ታውቂያለሽ፣ ቃሉም ልማዱም ከኦሮሞ የመጣ ነው፣ ልጅ በአደባባይ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚሰጠው። ሕጉ ገና ያልተወለደ ጽንስ እንኳ በጉዲፈቻ ሊሰጥ ይችላል ይላል፣ ግን እናትየዋ ከወለደች በኋላ ሶስት ወር ሙሉ ሐሳቧን መቀየር ትችላለች። ያኔ የጻፉት ሰዎች ነፍሰጡር ሆኖ ቃል መግባትና ልጁን ታቅፎ ቃል መግባት እንደሚለያይ ገብቷቸዋል። ያንቺ ውል ደግሞ ሶስት እጥፍ ቅጣት ነው ያስቀመጠው።

ናይሮቢስ ሕጋዊ ነው? ሰውዬው የተጫወተብሽ እዚህ ጋ ነው። ኬንያ ውስጥ ይሄ ነገር ለዓመታት የኖረው ራሱን የቻለ ሕግ ሳይኖረው ነው፣ ረቂቁ ፓርላማ ሲመላለስ ኖሯል። አልተከለከለም ማለትና ሕግ ይጠብቅሻል ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እ.ኤ.አ በ2014 ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ አለ፣ ተሸካሚዋ መንታ ትወልዳለች፣ ሆስፒታሉ ማንን እናት ብዬ ልመዝግብ ብሎ ይቸገርና የመንግስት የሕጻናት ጉዳይ ኃላፊ ልጆቹን ሕጻናት ማሳደጊያ ያስገባቸዋል። ተሸካሚዋና ወላጆቹ አንድ ላይ ሆነው፣ ምንም ጠብ ሳይኖራቸው ማለት ነው፣ ክስ መስርተው ነው ያሸነፉት። እነሱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ ጠበቃ አላቸው። አንቺ ቋንቋውን ሳትችዪ፣ ፓስፖርትሽ በሰው እጅ ሆኖ፣ ቪዛሽ አልቆ እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምሽ ማን ይቆምልሻል?

ልጆቹም እንደ ኳስ ሲንከባለሉ ታይቷል። ህንድ እ.ኤ.አ በ2008 ጃፓናዊ ባልና ሚስት ልጁ ሳይወለድ ተፋቱና ሕጻኗ ወራት ያለ ፓስፖርት ቀረች። ታይላንድ በ2014 ከመንታዎቹ አንዱ ዳውን ሲንድረም ያለበት ሆኖ እህቱ አውስትራሊያ ስትሄድ እሱ ከተሸካሚዋ ጋ ቀረ፣ በኋላ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት ጥንዶቹ ጥለውት አይደለም የሄዱት ቢልም ዓለም ጮኸ፣ ታይላንድ በዓመቱ ለውጭ ዜጋ ዘጋችው። ኔፓልም ዘጋች፣ ካምቦዲያም በ2016 አስቆመች። አየሽ አንዱ ሲዘጋ ደላላው ወደ ጎረቤት ነው የሚዞረው፣ ሴቶቹን በአውሮፕላን እየጫነ። እ.ኤ.አ በ2024 መጨረሻ ካምቦዲያ 13 የፊሊፒንስ ሴቶች ላይ እስር ፈረደች፣ በንጉሡ ምህረት ነው የወጡት። ከዛ በፊት በ2018 ከ30 በላይ የራሷን ነፍሰጡር ሴቶች አስራ ልጆቹን እናንተው አሳድጉ በሚል ግዴታ ነው የለቀቀቻቸው። ደላላ የሰራውን ሴት ከፈለችበት።

ለዚህ ነው ዝም ብሎ ይከልከል የሚለው ብቻውን የማይመቸኝ። ንግዱ ይከልከል፣ እስማማለሁ፣ ግን ቅጣቱ ደላላውና ኤጀንሲው ላይ እንጂ ሆዷን ይዛ የቆመችው ላይ መሆን የለበትም። ሲፈቀድ ደግሞ እንዴት እንደሚፈቀድ ደቡብ አፍሪካን እዪ፣ ባልሽ ያለበት አገር ነው እንግዲህ። እዛ እ.ኤ.አ በ2005ቱ የሕጻናት ሕግ መሠረት ውሉን ሽል ከመቀመጡ በፊት ከፍተኛ ፍርድ ቤት አይቶ ያጸድቀዋል፣ ዳኛ ሳያየው ሐኪም መንካት አይችልም። ተሸካሚዋ የራሷ የወለደችው በሕይወት ያለ ልጅ ሊኖራት ይገባል፣ አገሩ ነዋሪ መሆን አለባት፣ ይቺ አንዷ መስፈርት ብቻ ከሞያሌ በኩል የሚመጣውን ደላላ በሙሉ ከጨዋታ ታወጣለች። ትርፍ መክፈል ክልክል ነው፣ የሚከፈለው ሕክምናዋ፣ ከስራ ስትቀር ያጣችው ገቢና ኢንሹራንሷ ነው። ውርጃ ማድረግ ቢያስፈልግ ወሳኟ እሷ ናት፣ በሕግ ተጽፏል። እንግሊዝ ከወለደች ስድስት ሳምንት ሳይሞላት ልጁን ለማስረከብ የሰጠችውን ፈቃድ ፍርድ ቤት አይቀበልም። ካሊፎርኒያ፣ ንግዱን ራሱ የፈቀደችው፣ ተሸካሚዋ የራሷ ብቻ የሆነ ጠበቃ ሳይኖራት ውሉ እንዳይፈረም ታዛለች፣ ክፍያው ከወላጆቹ ቢመጣም ጠበቃው የሷ ነው። ህንድ ስንትና ስንት ዓመት የዓለም ገበያ ሆና ከኖረች በኋላ በ2021 ባወጣችው ሕግ ንግዱን ከልክላ ተሸካሚዋ ከ25 እስከ 35 ዓመት የሆናት፣ የራሷ ልጅ ያላት፣ በሕይወቷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የ36 ወር ኢንሹራንስ ይገባላት አለች። 36 ወር ማለት ከወለደች ሁለት ዓመት በኋላም እንኳ ትታከማለች ማለት ነው፣ ያቺን ቢሮዬ የመጣችውን ሴት ሳስብ ከሁሉም ይቺ ነች ልቤን የነካችው።

ልጅ ያጡትን ባልና ሚስት ረሳሻቸው እንዳትይኝ። መሃን መባል እዚህ አገር ምን እንደሆነ ከኔ በላይ ደንበኞቼ ያውቁታል፣ በዚህ ብቻ የፈረሰ ትዳር ስንቱን ፈርሜ አስገብቻለሁ። አዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግስት የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል ከተከፈተ ዓመታት ተቆጥረዋል፣ ጉዲፈቻም አለ። ልጅ መመኘት ነውር የለውም፣ ግን የሰው ምኞት ያንቺ ማህፀን ዕዳ አይደለም።

እና "ብሄድ ምን ከለላ ይኖረኛል" ላልሽው መልሴ፣ በያዝሽው ውል ምንም። አትሂጂ። አንቺ ብትወስኚም ሌላ ብትጠይቅሽም የምትለኪበት ይሄ ነው፦ የራሴ ጠበቃ በቋንቋዬ አነበበልኝ ወይ፣ ብሩ በየወሩ ነው ወይ ሲያልቅ፣ ጽንሱ ቢወርድስ፣ ኢንሹራንሱ በስሜ ነው ወይ፣ ስለ ሰውነቴ ማን ይወስናል፣ ፓስፖርቴ ማን ጋ ነው። አንዱ ላይ እንኳ ደላላው "ስትደርሺ ይስተካከላል" ካለ አለቀ።

አሁን ወዳለሽበት። ፓስፖርትሽን የያዘው ሰው ፓስፖርትሽን መያዝ አይችልም። በሰዎች መነገድን የሚመለከተው አዋጅ 1178/2012 የሚያየው እንዴት እንደተመለመልሽ ነው፣ በማታለል፣ ችግርሽን ተጠቅሞ፣ በዕዳ አስሮ ከሆነ "ራሷ ተስማምታ ነው" የሚለው መከላከያ አይሆነውም። ስለዚህ ፈራ ተባ አትበይ፣ ያለብሽ ጥፋት የለም። የላከልሽን መልዕክት አንዱንም እንዳታጠፊ፣ ድምጽም ካለ፣ ስክሪንሾት አርገሽ ለምታምኛት ሰው ላኪ። ከዛ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ ፓስፖርቴን መልስልኝ ብለሽ በጽሑፍ ጻፊለት፣ በስልክ አትጨቃጨቂ። ብቻሽን ልታገኚው እንዳትሄጂ፣ ሻይ ቤትም ቢሆን። ካልመለሰ ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፣ ለዚህ ገንዘብ አልጠይቅሽም፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ነኝ።

15 ሺ ብሩን ከበላሽው አትጨነቂ፣ ሶስት እጥፍ የሚለውን እርሺው። ውል ፈራሽ ሲሆን ሕጉ የሚለው ሁለታችሁም ወደነበራችሁበት ተመለሱ ነው፣ የተቀበልሽው 15 ከሆነ የምትመልሺው 15 ነው፣ ባንዴ ካልሆነልሽ ቀስ ብለሽ። በእጅ እንዳትሰጪው፣ በባንክ አስገቢና ምክንያቱ ላይ "የተመለሰ ቀብድ" ብለሽ አስጽፊ። እሱም ቢሆን ፓስፖርቱ እጅሽ ከገባ በኋላ ነው፣ በፊት አይደለም።